ባክአፑ እየሄደ ነው ወይስ ቆሟል? ደብረ ብርሃን ላይ ያጋጠመ አንድ ጉዳይ

ጉዳዩ ያጋጠመው ደብረ ብርሃን ውስጥ፣ ዋናው አስፋልት ዳር ባለ አንድ ፎቶ ቤት ነው። ባለቤቱ እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ስማቸውንም የቤቱንም ስም ግን አልጠቅስም። ሠራተኛውም ደንበኛውም "ጋሼ" ነው የሚላቸው። እኔም እንደዚያው እላለሁ።

ቤቱ ሠርግ፣ ክርስትናና ምርቃት ያነሣል። ደንበኛው የከተማው ሰው ብቻ አይደለም። ከአንኮበር፣ ከደብረ ሲና፣ ከጫጫ፣ ከደነባ፣ ከመሐል ሜዳም ሳይቀር ይመጣል። የተነሣው ሁሉ ግን የሚያርፈው አንድ ቦታ ነው፤ ኤዲቲንግ ክፍሉ ውስጥ ባለው ዴስክቶፕ ላይ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ባለ 4 ቴራ ሃርድ ዲስክ አለ። ፎልደሮቹ በዓመተ ምሕረት የተሰየሙ ናቸው፤ ከ2004 ይጀምራሉ። ድምሩ 2.1 ቴራባይት ገደማ ይሆናል።

ጥር ሲገባ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ያሰማ ጀመር። ጥር የሠርግ ወር ነው። ፎቶ ቤት በጥር ፋታ የለውም። ጋሼ ነገሩ ስላሳሰባቸው አዲስ ኤክስተርናል ዲስክ ገዙ። ከዚህ በፊት አንድ ባለሙያ ዴስክቶፑ ላይ ትቶላቸው የሄደው "ባክአፕ" (መጠባበቂያ ቅጂ) የሚል ስክሪፕት፣ ማለትም የትእዛዞች ዝርዝር የያዘ ትንሽ ፋይል፣ ነበር። ሁለቴ ጠቅ ሲያደርጉት ጥቁር መስኮት ይከፈትና ሥራው ይጀምራል። ማታ ሱቅ ሲዘጋ አስጀመሩት። ወደ ቤት ሄዱ።

ጠዋት ሲመጡ ጥቁሩ መስኮት እንደተከፈተ ነው። የኤክስተርናሉ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። "እየሄደ ነው" ተባለ። ማታም እየሄደ ነው። በማግስቱም እየሄደ ነው። ኮምፒውተሩን ማንም እንዳይነካው ስለታዘዘ ኤዲቲንግ ቆሟል። የሠርጋቸውን ቪዲዮ የሚጠብቁ ሰዎች ይደውላሉ። እኔ የተጠራሁት በዚህ መሃል ነው። ባክአፑን ፈትሽ ብለው ግን አልነበረም። "ትንሽ ማፍጠን ይቻል እንደሆነ እስቲ እየው" ነው ያሉኝ።

ሁሉም ነገር ሕያው ይመስላል

ኮምፒውተሩ ፊት ያገኘኋት ኤዲቲንግ የምትሠራው ልጅ ናት። ጎበዝ ናት። መስኮቱን ዝም ብላ አላመነችውም፤ በራሷ መንገድ ስትፈትሽ ከርማለች። ኮምፒውተሩ ምን እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየውን ታስክ ማናጀርን ከፍታ አሳየችኝ። "ይኸው፣ ዲስኩ መቶ ፐርሰንት እየሠራ ነው" አለችኝ። እውነትም ውስጠኛው ዲስክ 100% ይላል። ከሥሩ ያለውን ቁጥር ግን ማንም አላየውም። የንባብ ፍጥነቱ ዜሮ ነው። አልፎ አልፎ ጥቂት ኪሎባይት ብቅ ይልና ተመልሶ ዜሮ ይሆናል።

ይህ መቶ በመቶ ብዙ ሰው ያሳስታል። የሚነግረን ዲስኩ ምን ያህል ሥራ እንደበዛበት ነው። ምን ያህል ዳታ እንደወጣ አይነግረንም። የተበላሸ ቦታ ላይ የደረሰ ዲስክ ያንኑ ነጥብ ደጋግሞ ለማንበብ ይታገላል። ጊዜው ሁሉ በዚያ ትግል ይያዛል። የሚወጣው ዳታ ግን የለም።

መብራቷም እንዲሁ ናት። አንዳንዱ ኤክስተርናል ሥራ ሲፈታም መብራቱ ይብለጨለጫል። ጥቁሩ መስኮት ደግሞ የሚያሳየው አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ሎጉ፣ ማለትም የሥራው መዝገብ የሚጻፍበት ፋይል፣ የት እንደተቀመጠ። ስክሪፕቱ የሚጠቀመው ሮቦኮፒን ነው። ሮቦኮፒ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣ የመገልበጫ ፕሮግራም ነው፤ አይገዛም፣ አይጫንም። ሎግ ጻፍ ሲባል ዝርዝሩን ሁሉ ወደ ሎጉ ይልካል። "ስክሪኑም ላይ አሳይ" ተብሎ ካልታዘዘ መስኮቱ ጭጭ ይላል። ደህና ቢሄድም ጭጭ ነው። ቢቆምም ጭጭ ነው።

ስለዚህ ሎጉን ፈለግነው። ፋይሉን ከመክፈታችን በፊት መጠኑንና መጨረሻ የተጻፈበትን ሰዓት አየን። ሰዓቱ የአሁኑ ነው። መጠኑም እያደገ ነው። ልጅቷ ደስ አላት፤ እንግዲያው እየሠራ ነው ማለት ነው። ብዙ ባለሙያም እዚህ ላይ ቢያቆም አልፈርድበትም። ሎጉ እየተጻፈ ከሆነ ሥራው አለ ብሎ ማሰብ ያለ ነገር ነው።

እኔ ግን ማየት የፈለግሁት ሌላ ቁጥር ነበር። ኤክስተርናሉ ላይ በቀኝ ጠቅ አድርገን ፕሮፐርቲስ ገባን። የተያዘው ቦታ 312 ጊጋባይት ነው። ወረቀት ላይ ጻፍነው። ቡና እስኪቀርብ ጠበቅን፤ ተመልሰን አየን። 312 ጊጋባይት። ጠጥተን ስንመለስም ያው 312።

መሐል ሜዳ ላይ ገብስ በአይሱዙ የጫነ ነጋዴ ጭነቱ ገብቶ እንደሆነ ሲፈልግ የሚደውለው አዲስ አበባ ላለው ተቀባይ ነው። ባክአፕም የሚጠየቀው ከተቀባዩ ወገን ነው። በዚህ ቤት የላኪው ወገን ሁሉ ሕያው ነበር። ዲስኩ ይጮኻል፣ ቁጥሩ መቶ ይላል፣ ሎጉ ያድጋል። ተቀባዩ ዘንድ ግን አንድ ባይት አልገባም።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ትልቅ ፋይል ሲገለበጥ ዊንዶውስ ቦታውን ገና ሲጀምር ይይዛል። የ20 ጊጋ ቪዲዮ ከሆነ የተያዘው ቦታ በአንዴ ይዘላል፣ ከዚያ ፋይሉ እስኪያልቅ ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ በሁለት ደቂቃ ልዩነት አይቶ ቆሟል ማለት አይገባም። ያላችሁ ትልቁ ፋይል ለማለቅ ከሚፈልገው ጊዜ በላይ ጠብቃችሁ ነው ማወዳደር። እኛም ቡናውን ሳንቸኩል የጠጣነው ለዚህ ነው።

ሎጉ ውስጥ የነበረው

ከዚያ ሎጉን ከፍተን ወደ መጨረሻው ወረድን። ስክሪኑን የሞላው አንድ ዓይነት ነገር ነው። ስህተት ቁጥር 23፤ ዳታ ኤረር፣ ሳይክሊክ ሪደንደንሲ ቼክ። ከሥሩ የፋይሉ ስም፣ በ2009 የተነሣ የአንድ ሠርግ ቪዲዮ። ከሥሩ ደግሞ "30 ሰከንድ በመጠበቅ ላይ፣ እንደገና በመሞከር ላይ" የሚል። ቀጥሎ ያው ስህተት፣ ያው ፋይል፣ ያው መጠበቅ። ወደ ላይ ብንወጣ፣ ብንወጣ ያው ነው። ለካስ ሎጉን የሚያሳድገው ይኸው ነበር።

ስህተት ቁጥር 23 ማለት ዲስኩ ያነበበውና ዲስኩ ላይ የተጻፈው የመቆጣጠሪያ ቁጥር አልገጠመም ማለት ነው። ባብዛኛው ዲስኩ እዚያ ቦታ ላይ ተጎድቷል ማለት ነው። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም አየነው። ቢጫ ማስጠንቀቂያ አለ፤ ሊነበቡ ያልቻሉና ውሳኔ የሚጠብቁ ሴክተሮች (የዲስኩ ትንንሽ ክፍልፋዮች) ተመዝግበዋል። የቀጭ ቀጩ ድምፅ ምክንያት ታወቀ።

እያንዳንዱ የስህተት መስመር ቀንና ሰዓት አለው። የመጀመሪያውን ፈልገን አገኘነው፤ 22:47 ይላል። የኮምፒውተሩ ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ይህ በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ47 ነው። ባክአፑን ያስጀመሩት ከምሽቱ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። በሌላ አነጋገር ሥራው የሄደው ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ሌሊትና ቀን ሁሉ አንድ ፋይል ደጅ ላይ ቆሞ ማንኳኳት ነበር።

ይህ ለምን ሆነ? ሮቦኮፒ ሌላ ነገር ካልታዘዘ በስተቀር ያልተሳካለትን ፋይል 1,000,000 ጊዜ ይሞክራል። በየሙከራው መሃል 30 ሰከንድ ይጠብቃል። አባዙት። 30 ሚሊዮን ሰከንድ ይመጣል፤ 347 ቀን ማለት ነው። ያውም ለአንድ ፋይል፣ ያውም ዲስኩ ለማንበብ የሚታገልበት ጊዜ ሳይቆጠር። የተሠራው በኔትወርክ ለሚገለብጡ ሰዎች ታስቦ ነው። ኔትወርክ ይቆረጣል፣ ይመለሳል፤ መጠበቅ ዋጋ አለው። የተጎዳ ሴክተር ግን ቢጠበቅም አይድንም። እንዲያውም በተደጋጋሚ ማስነበብ የደከመ ዲስክን ይብሱን ያደክመዋል። ለጋሼ ዲስክ የከፋው ይህ ነበር። እነሱ ይተርፋል ብለው በጠበቁበት ሰዓት ዲስኩ እየተጎዳ ነበር።

ሌላም ነገር ታየን። ሮቦኮፒ ፎልደሮቹን የሚያነሣው በስማቸው ቅደም ተከተል ነው። ከ2004 ጀምሮ 2009 ላይ ተቀረቀረ። ከሁሉ በላይ የሚያስፈልጉት ደግሞ የዚህ ዓመት ሠርጎች ናቸው። ገና አልተሠሩም፣ ገና አልተረከቡም፣ ሌላ ቅጂ የላቸውም። እነሱ ወረፋው መጨረሻ ላይ ነበሩ።

"አቁመው" ማለት ቀላል አይደለም

ለጋሼ ነገርኳቸው። ባክአፑ ቆሟል፤ ዘግተን እንደገና እናስጀምረው።

"ኧረ በፈጠረህ! ከተቆረጠማ የሄደውም ይጠፋል።"

"አይጠፋም ጋሼ፣ የገባው ገብቷል።"

"ሁለት ቀን ሙሉ ጠብቄ አሁን ከዜሮ ልጀምር?"

ይህን ፍርሃት ብዙ ቦታ አይቼዋለሁ። ሰው የቆመ ባክአፕን የሚያስታምመው ስለማያውቅ ብቻ አይደለም። የጠበቀው ጊዜ ስለሚያሳዝነው ነው። በቃል ማስረዳት ደግሞ ዋጋ የለውም። ኤክስተርናሉን ከፈትኩላቸው። የ2006 ፎልደር ውስጥ ገባን፤ ጋሼ ራሳቸው አንድ ሠርግ መረጡ። ቪዲዮው ተከፈተ፣ ተጫወተ። ወደ መሃሉ ወሰድነው፤ ተጫወተ። መጨረሻው ላይም ተጫወተ። ሙሽሮቹን በስም ጠሯቸው። "እሺ፣ ዝጋው" አሉ።

ሮቦኮፒ ኪቦርዱ ላይ ኮንትሮልና ሲ አብረው ሲጫኑ ይቆማል። ዳግም ሲነሣ ሁለቱን ወገን ያወዳድራል። መጠኑና የተሻሻለበት ሰዓት አንድ የሆነውን ፋይል ያልፈዋል። መሃል ላይ የተቆረጠውን ብቻ እንደ አዲስ ይወስዳል። መብራት ቢሄድም የሚሆነው ይኸው ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ሌሊቱን ሙሉ መብራት ሳይሄድ ያድራል ብሎ ማቀድ አይቻልም። ስለዚህ ከተቆረጠበት የሚቀጥል መንገድ መምረጥ ግድ ነው። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ ከሚያቆየው ባትሪ፣ ከዩፒኤሱ፣ የምንፈልገው ኮምፒውተሩን በሥርዓት የምንዘጋበትን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።

መቼ ማለቅ ነበረበት?

ከማስጀመራችን በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ። ይህ ሥራ ስንት ሰዓት ይወስዳል ብላችሁ ጠበቃችሁ? መልስ አልነበረም። መቼ ማለቅ እንዳለበት ካልታወቀ መዘግየቱም አይታወቅም። "እየሄደ ነው" የሚለው ቃል ሁለት ቀን የኖረው በዚህ ክፍተት ነው።

ሒሳቡ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ኤክስተርናሉ የተሰካው ኮምፒውተሩ ፊት ለፊት ባለው ጥቁር ዩኤስቢ ላይ ነበር። ያ ዩኤስቢ 2.0 ነው። በወረቀት 480 ሜጋቢት ይባላል፤ በተግባር ግን በሰከንድ ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት ቢሰጥ ነው። 35 እንበል። 2.1 ቴራባይት ለ35 ሲካፈል 60,000 ሰከንድ ይሆናል። ወደ 17 ሰዓት ማለት ነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደግሞ ወደ 315 ጊጋ መግባት ነበረበት። የገባው 312 ነው። ሒሳቡና ሎጉ ተስማሙ። ቁጥሮቹ እንዲህ ሲገጥሙ የቆመበትን ሰዓት ከሁለት አቅጣጫ አረጋገጥን ማለት ነው።

ከኋላ ሰማያዊ ቀዳዳ ያለው ዩኤስቢ 3.0 ነበር። ዲስኩ በዚያ ሲሰካ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ሄደ። ያው 2.1 ቴራ በዚህ ፍጥነት 21,000 ሰከንድ ነው፤ ስድስት ሰዓት አይሞላም። ጋሼ መጀመሪያ የጠየቁኝ ማፍጠን አልነበር? ገመዱን ከፊት ነቅሎ ከኋላ መሰካት ነው መልሱ።

ከዚያ ስክሪፕቱን አስተካከልነው። ያልተሳካ ፋይል አንድ ጊዜ ብቻ ይደገም፤ በመሃል አንድ ሰከንድ ይጠበቅ፤ ከዚያ ስህተቱን መዝግቦ ይለፈው። ሎጉ ይጻፍ፣ ስክሪኑም ላይ ይታይ። የየፋይሉ መቶኛ ግን ሎጉን በቁጥር ስለሚያጨናንቀው ይጥፋ። ስሊፕ ጠፍቶ እንደሆነም አየን፤ ጠፍቷል። ይህ ካልጠፋ ኮምፒውተሩ ሌሊት ይተኛና ባክአፑም አብሮ ይተኛል።

መጀመሪያ ከሰዓት ላይ የዚህን ዓመት ፎልደር ብቻ ወሰድን። 180 ጊጋ ነበር። ግማሽ ሰዓት ትንሽ አለፍ ብሎ አለቀ። ስህተት የለም። ጋሼ "ተመስገን" ያሉት ያኔ ነው። እኔም ትከሻዬ የቀለለው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ዲስኩ ሙሉ በሙሉ ቢሞት እንኳ ያልተረከበ ሠርግ አይጠፋም።

የልጅቷ ደብተር

የቀረውን ለማታ አደረግነው። ልጅቷ ለማምሸት ፈቃደኛ ሆነች። ደብተር ላይ ሦስት ነገር እንድትጽፍ ተስማማን፤ ሰዓቱን፣ ኤክስተርናሉ ላይ የተያዘውን ቦታ፣ ሎጉ ውስጥ ያለውን የስህተት ብዛት። በየግማሽ ሰዓቱ። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ትጽፋለች፤ ከሎጉ ጋር ስታመሳክር ስድስት ሰዓት ትቀንሳለች ወይ ትጨምራለች። አስቀድሞ መስማማቱ ጠቀመ፤ አለበለዚያ የኮምፒውተሩ 8:30 እና የደብተሩ 2:30 አንድ መሆናቸው ጠዋት ላይ ያምታታል።

ገጹ እንዲህ ይል ነበር።

2:30 — 655 ጊጋ፣ ስህተት 1
3:00 — 833 ጊጋ፣ ስህተት 1
3:30 — 854 ጊጋ፣ ስህተት 1

ደወለችልኝ። "ቀዘቀዘ፤ በግማሽ ሰዓት 21 ጊጋ ብቻ ነው የገባው።" ያለፈው ግማሽ ሰዓት 178 ነበር። ስህተት ደግሞ አልጨመረም። እነዚህ ሦስት መስመሮች ባይኖሩ ይህን ጥያቄ መጠየቅም አይቻልም ነበር።

"ስክሪኑ ላይ ምን እያለፈ ነው?" አልኳት።

"ብዙ ነገር። በጣም ይሮጣል። ስማቸው ቁጥር ብቻ የሆነ ትንንሽ ፋይሎች ናቸው።"

ፎልደሩን አነበበችልኝ። የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ጊዜያዊ ማስቀመጫ ነው፤ ካሽ የሚባለው። በብዙ አስር ሺህ የሚቆጠሩ፣ እያንዳንዳቸው ጥቂት ኪሎባይት የሆኑ ፋይሎች። ዲስክ አንድ ትልቅ ፋይልን ሲያነብ በአንድ መስመር ይወርዳል። ትንንሽ ሲሆኑ ለእያንዳንዱ መፈለግ፣ መክፈት፣ መዝጋት፣ መመዝገብ አለ። የፋይሉ ቁጥር ይሮጣል፤ የባይቱ መጠን ያዘግማል። በባይት የሚቆጥር ሰው ቆመ ይላል፤ በፋይል የሚቆጥር ሰው ደግሞ በረረ ይላል። ሁለቱም ግማሹን ነው የሚያዩት።

ካሹ ባክአፕ አያስፈልገውም። ፕሮግራሙ ቢያጣው ራሱ እንደገና ይሠራዋል። በስልክ እየነገርኳት አቆመችው፣ ስክሪፕቱ ላይ ያንን ፎልደር እንዲዘለው ጨመረች፣ እንደገና አስነሣችው። የገባውን አልፎ ከቆመበት ቀጠለ። 4 ሰዓት ላይ የጻፈችው ቁጥር ተመልሶ ወደ ላይ ተተኮሰ። በዚህ ፍጥነት የቀረው ከ3 ሰዓት ትንሽ በላይ ይፈልጋል ብለን አሰላን። ልጅቷ ደብተሯን ዘግታ ወደ ቤቷ ሄደች። ብርዱም እንደ ደብረ ብርሃን ጥር ነበር፤ ከዚያ በላይ ማምሸት አያስፈልግም።

በሌላ መሣሪያ ለምትሠሩ

እዚህ ላይ ጥቂት ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው ሮቦኮፒን ሳይሆን ሌላ ነገር ይጠቀማል።

ተራው የዊንዶውስ መገልበጫ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ የፍጥነት ግራፍ ያሳያል። ግራፉን እመኑ። "ይህን ያህል ደቂቃ ቀረው" የሚለውን ግን አትመኑት፤ አሁን ባለው ፍጥነት የተገመተ ነው፣ ትንንሾቹ ፋይሎች ላይ ሲደርስ ይገለበጣል።

በሊኑክስ (ከዊንዶውስ ሌላ የሆነ የኮምፒውተር ሥርዓት) አርሲንክ የሚባለውን መገልበጫ የምትጠቀሙ የጠቅላላውን መቶኛ ማሳየት ትችላላችሁ። መቶኛው ወደ ኋላ ቢመለስ አትደንግጡ። አርሲንክ የፋይሎቹን ዝርዝር እየሠራ ነው የሚገለብጠው፤ አዲስ ፎልደር ባገኘ ቁጥር ድምሩ ያድጋል። ዝርዝሩን መጀመሪያ ጨርስ ብሎ ማዘዝ ይቻላል። ዲዲ የሚባለው ሌላው የሊኑክስ መገልበጫ ደግሞ ካልጠየቁት እስኪጨርስ አይናገርም፤ ሂደቱን እንዲያሳይ የሚያደርገው አማራጭ በፈረንጆቹ 2015 ነው የመጣለት። በኤስኪውኤል ሰርቨር (የመረጃ ቋት ፕሮግራም) ባክአፕ የምታደርጉ የሒሳብ ክፍሎች ባክአፑ ስንት በመቶ እንደደረሰ ሰርቨሩን ራሱን መጠየቅ ትችላላችሁ፤ እየሠራ ያለውን ጥያቄ በሚዘረዝረው ሠንጠረዥ ውስጥ አለ።

መሣሪያው ይለያይ እንጂ ተቀባዩ ዲስክ ላይ የገባውን መመልከቱ ሁሉም ቦታ ይሠራል። ፈቃድም ሥልጠናም አይጠይቅም።

ጠዋት የተገኘው

ጠዋት መስኮቱ ላይ የሮቦኮፒ ማጠቃለያ ሠንጠረዥ ነበር። ብዙ ሰው "አለቀ" ብሎ ይዘጋዋል። ዋናው ነገር ያለው ግን እዚያ ነው። ስንት ፋይል በድምሩ፣ ስንት ተገለበጠ፣ ስንት ታለፈ፣ ስንት አልተሳካም። ያለቀው ከሌሊቱ 7 ሰዓት አልፎ ነው። "አልተሳካም" በሚለው አምድ ሥር 6 ይላል።

ስድስቱን ፋይሎች ከሎጉ ስማቸውን አወጣን። ሁሉም ቪዲዮ ናቸው፤ ሁሉም ከ2009ና ከ2010። እነሱን በተራ መገልበጫ እንደገና መሞከር ዲስኩን ማሰቃየት ነው። ኮምፒውተሩን በሊኑክስ ፍላሽ አስነሥተን ዲዲሬስኪው የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ተጠቀምን። ይህ ፕሮግራም መጀመሪያ ደህና የሆነውን ክፍል ይወስዳል። የተጎዳውን ለኋላ ይተወዋል። የት እንደደረሰ የካርታ ፋይል ላይ ስለሚመዘግብ ቢቋረጥም ይቀጥላል።

ስክሪኑ ላይ የሚያሳየውን ወድጄዋለሁ። ያተረፈውን መጠን፣ የአሁኑንና አማካዩን ፍጥነት፣ የተበላሸውን ቦታ ብዛት ያሳያል። ከሁሉም ደግሞ አንድ መስመር አለው፤ መጨረሻ በተሳካ ሁኔታ ካነበበ ስንት ጊዜ ሆነው። የጋሼ ጥቁር መስኮት ይህን አንድ መስመር ቢያሳያቸው ኖሮ የመጀመሪያው ማታ ላይ ይታወቅ ነበር። ልጅቷም ይህን ስታይ "ይህቺን ነበር እኔ በደብተር የምጽፈው" አለች። ልክ ናት።

አራቱ ቪዲዮዎች ሙሉ በሙሉ ተረፉ። ሁለቱ ክፍተት አላቸው። አንደኛው ላይ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ ምስሉ ለጥቂት ሰከንድ ይቆርጣል፤ ድምፁም አብሮ ይጠፋል። ሁለተኛው ላይ መኪኖቹ ሲሰለፉ ነው፤ ያን ያህል አይጎዳም። ምርቃቱ ግን አሳዝኖኛል። ጋሼ የዚያን ሠርግ ቤተሰብ ያውቋቸዋል፤ በወቅቱ የወሰዱት ዲቪዲ ቤታቸው ካለ ከዚያ ለመሙላት ደውለውላቸዋል። እየፈለጉ ነው።

አሮጌው ዲስክ ወጥቷል። አዲስ ገብቷል፤ ፋይሎቹም ከኤክስተርናሉ ተመልሰዋል። ስክሪፕቱ አሁን የዓመቱን ፎልደር አስቀድሞ ይወስዳል። ሥራው ሲያልቅ ልጅቷ የማጠቃለያውን ሠንጠረዥ በስልኳ ታነሣና ለጋሼ በቴሌግራም ትልካለች። ጋሼ የሚያዩት አንድ ቁጥር ነው፤ "አልተሳካም" የሚለውን። ዜሮ ካልሆነ ይደውላሉ።

አንድ የቀረ ሥራ አለ። ኤክስተርናሉ እስካሁን የሚቀመጠው ከኮምፒውተሩ ጎን፣ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ሌባ ቢገባ ወይም እሳት ቢነሣ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። ሁለተኛ ዲስክ ተገዝቶ ጋሼ ቤት እንዲቀመጥ፣ በየሳምንቱም ከዚህኛው ጋር እንዲቀያየር ተነጋግረናል። ጋሼ የጥር ሠርግ ሒሳብ ሲገባ እገዛለሁ ብለዋል።